አያትሽ ዓባይን በሰማይ የተሻገሩ ጊዜ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለምሕረት፣

ለጤናሽ እንዴት ከረምሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ቦራዪቱ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት፤ እናትሽ ስም የምታወጣው ምሕረት ናት ብላ እየጠበቀችሽ ነው።

ባለፈው እሑድ በስልክ ያልሽኝ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። «አባዬ፣ ስድስት ወር ሙሉ ሥራዬ መፍቻ ማቀበልና መቁጠር ብቻ ነው፤ አውሮፕላን እጠግናለሁ ብዬ መጥቼ የሣጥን ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ» አልሽኝ። ኔትወርኩ ቢቆራረጥም ድምፅሽ ውስጥ ያለውን እንባ ሰምቼዋለሁ። እዚያው በዚያው የምመልስልሽ ቃል ጠፋኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና ጠዋት ወረቀትና እስክሪብቶ አነሣሁ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሰው አግኝቻለሁ።

አውሮፕላን በቅርብ ያየሁት የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ 1956 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ያን ጊዜ እዚህ ማርቆስ አውሮፕላን የሚያርፈው ሣር ሜዳ ላይ ነበር። ዘበኛው ፊሽካውን ሲነፋ እኛ እረኞቹ ከብቶቻችንን እየነዳን ከሜዳው እናስወጣለን። መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል፤ ከዚያ ከደመናው ሥር እንደ ጭልፊት ብቅ ትላለች። ሰዉ ዳኮታ ይላታል፤ በመጽሐፍ ስሟ ዲሲ 3 ነው። ሁለት ሞተር አላት። እንደ ዛሬዎቹ አፍንጫዋ ሥር ጎማ የላትም፤ ትንሿ ጎማ ያለችው ጅራቷ ሥር ስለሆነ መሬት ላይ ስትቆም አፍንጫዋ ሰማይ ሰማይ ያያል። የገባ ሰው ወንበሩ ጋ ለመድረስ ዳገት ይወጣል።

ከዚያ ቀን የማልረሳው አብራሪውን አይደለም። አብራሪው ፈረንጅ ነበር፤ ፈረንጅ አውሮፕላን መንዳቱ ደግሞ ማንንም አላስደነቀም። የማልረሳው አንድ ቱታ የለበሰ ቀጭን ወጣት ነው። ሞተሩ ከቆመ በኋላ በርሜል አንከባሎ አመጣና ላዩ ላይ ቆመ። የሞተሩን ክዳን ከፈተና እጁን እስከ ክርኑ አስገባ። ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ ሣሩን ያጠቁረዋል። ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ አንድ ነገር ጠረገ፤ አጠበቀ፤ ደግሞ ጠረገ። ከዚያ ክዳኑን ዘግቶ፣ በሬውን እንደሚያባብል ገበሬ፣ በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጋት። አጠገቤ የቆሙት አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው «የኛ ልጅ ነው እኮ!» አሉ። ያንን ነው የማልረሳው። እኔ ኋላ ወፍጮ ቤት ተቀጥሬ ሞተር የያዝኩት በዚያ ልጅ ምክንያት ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም።

ከሦስት ዓመት በኋላ አያትሽ በረሩ። በርስት ክርክር ጉዳይ የመስቀል ማግሥት አዲስ አበባ ቀጠሮ ነበራቸው፤ የዚያን ክረምት ግን የዓባይ በረሃ መንገድ ናዳ ወርዶበት አውቶቡስ ቆመ። ቀጠሮው ከሚያልፍ ብለው ወይፈን ሸጠው ትኬት ቆረጡ። አያትሽ በወጣትነታቸው በበቅሎ አዲስ አበባ ሲሄዱ ጉዞው ከሳምንት ያልፍ ስለነበር፣ እናቴ እንደ ልማዷ የሳምንት ስንቅ አሰናዳች፦ አንድ ስልቻ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተነጠረ ቅቤ በቅል። ሰዎች «ኧረ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም» ቢሏት አልሰማችም፤ መንገድ መንገድ ነው አለች።

ሲመለሱ የነገሩንን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ወንበሩ በግድግዳው ጥግ ላይ የተዘረጋ አግዳሚ ነበር፤ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል። መሀሉ ላይ ጭነት በገመድ ታስሯል፤ የማር ቆርቆሮ ነበረበት፤ ከጭነቱ ማዶ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ሥዕለ ማርያም በደረቷ ይዛ ተቀምጣለች። «ዓባይን ቁልቁል አየሁት» አሉን። «መስከረም አይደል፣ እንደ ጠላ ደፍርሶ ከገደሉ ሥር ይጥመለመላል። እኛ ቀን ሙሉ ስንወርድ፣ ቀን ሙሉ ስንወጣ በቅሎ የገደልንበትን በረሃ፣ ቡና እስኪፈላ ሳይቆይ አለፍነው።» ከዚያም ዝም አሉና «የሞቱብኝን በቅሎዎች አሰብኩ» አሉ። የእናቴ ስልቻ በመንገድ ሳይፈታ አዲስ አበባ ደረሰና ስንቁ ለዘመድ ተሰጠ።

እንግዲህ ያች ዳኮታ ከየት እንደመጣች ልንገርሽ። እህል አስፈጪ ተራውን ሲጠብቅ እኔ ያገኘሁትን ጋዜጣና መጽሔት ሳነብ ነው ያደግሁት፤ ይህን ታሪክ ደግሞ ባገኘሁት ቁጥር ደግሜ አንብቤዋለሁ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ አገሩ ነፃ ነው ቢባልም፣ በ1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል የእንግሊዝን እጅ በመሬቱም በሰማዩም ላይ አስረዝሞት ነበር። ውሉ በታኅሣሥ 1937 ሲሻሻል ንጉሡ ፊታቸውን ወደ አሜሪካ አዞሩ። ጳጉሜን 3 ቀን 1937 ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ። መነሻ ካፒታሉ 2.5 ሚሊዮን ብር ነበር፤ በ25,000 አክሲዮን ተከፍሎ አንዱም ሳይቀር የመንግሥት ነበር። ይህን ልብ በይልኝ፦ ገንዘቡ የኛ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ፣ አብራሪው፣ መካኒኩ፣ የሒሳብ ሠራተኛው ግን አሜሪካዊ ነው። ከአምስት ዓመት ጦርነት የወጣ አገር፣ ሆስፒታሉም ትምህርት ቤቱም ገና በጣት የሚቆጠር አገር፣ ያንን ገንዘብ ሰማይ ላይ ሲያፈስ ብዙ ሰው «ምን ነካቸው» ሳይል አልቀረም። እኔ ግን በዚያ ዘመን ከተደረገው ሁሉ ትልቁ ነገር ይኸ ይመስለኛል። አገሩ ገደል ነው። መንገድ ጠርጎ፣ ድልድይ ሠርቶ ጎጃምን ከወለጋ፣ ወሎን ከጎንደር ለማገናኘት የሰው ዕድሜ አይበቃም። አውሮፕላን ግን የተደለደለ ሜዳና ፊሽካ የሚነፋ ዘበኛ ካገኘ ይበቃዋል።

የመጀመሪያዎቹ አምስት አውሮፕላኖች ከአሜሪካ መንግሥት የተገዙ፣ ከጦርነት የተረፉ ሲ 47 የጭነት አውሮፕላኖች ነበሩ፤ የዳኮታዋ የውትድርና እኅት ማለት ነው። አያትሽ የተቀመጡበት የግድግዳ አግዳሚም የወታደር ወንበር ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ከአዲስ አበባ ተነሥታ በአሥመራ በኩል ካይሮ የገባችው የመጀመሪያዋ በረራ ከነዚሁ በአንዷ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺም ሳትማሪው አልቀረሽም፤ ቶሎ ብዬ ልለፈው። በ1950 ዓ.ም. ባለ አራት ሞተሩ ዲሲ 6 መጣና እስከ ፍራንክፈርት ተደረሰ። በ1953 መሥመሩ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ዞሮ አክራ፣ ሌጎስና ሞንሮቪያ ገባ። ያን ጊዜ ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ አውሮፓ ወጥቶ ነበር የሚመለሰው፤ ከጎረቤት ቤት እሳት ለመጫር ወንዝ ማዶ እንደመሄድ ነው። በ1955 ደግሞ ቦይንግ 720 ጄት ገባ። የአዲስ አበባው የቀድሞ ማረፊያ፣ የልደታው ሜዳ፣ ለጄት ስለማይበቃ የቦሌ ማረፊያ ተሠራ።

ሰው ስለዚህ ድርጅት ሲያወራ ስለ ጄቱና ስለ ፍራንክፈርቱ ያወራል። እኔ ቅር የሚለኝ ስለ ሣሩ ሜዳ የሚያወራ መጥፋቱ ነው። የጅማን ቡና ከጭቃ ያወጣች፣ የኛን ማር ከነቆርቆሮው ዓባይን ያሻገረች ያች ዘይት የምታንጠባጥብ ዳኮታ ናት።

አሁን ወደ አንቺ ነገር ልምጣ።

በፈረንጆች 1953 ከቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር የተፈረመው ውል ሲታደስ አንድ ነገር በጽሑፍ ገባበት፦ የሥራው መጨረሻ ድርጅቱ ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያውያን እንዲመራ ነው የሚል። በልብ ያለ ምኞት ብቻ አልነበረም፤ ተጽፎ የተፈረመ ነገር ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በፈረንጆች 1957፣ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና አብራሪ ሆኑ። የመጀመሪያው በረራ በፈረንጆች 1946 ከተደረገ አሥራ አንድ ዓመት ማለት ነው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የተሾሙት ደግሞ በፈረንጆች 1971 ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት!

ምሕረትዬ፣ እነዚያን አሥራ አንድ ዓመታት አስቢልኝ። አውሮፕላኑ የአገርሽ ነው፤ ባንዲራሽ ጅራቱ ላይ ተሥሏል፤ መሪውን የያዘው ግን ሌላ ሰው ነው። በዚያ ጊዜ ልደታ ሜዳ ላይ መፍቻ ያቀበለ፣ ጎማ ያጠበ፣ ነዳጅ የቀዳ፣ «ይኸ ምን ይባላል?» ብሎ በማያውቀው ቋንቋ የጠየቀ የኛ ልጅ ስንት ይሆን? ስማቸው የትም አልተጻፈም። በ1956 ዓ.ም. በርሜል ላይ ቆሞ ያየሁት ልጅ ከነሱ ወይም እነሱ ካስተማሯቸው አንዱ ነው። ማንም እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ አልጀመረም።

መቁጠሩን በተመለከተ ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። አንቺ ሳትወለጂ፣ ወፍጮ ቤት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ የጥምቀት ዋዜማ ነው። ደጁ በአህያና በስልቻ ተጨናንቋል። ኩሽኔታው ሲጮህብኝ ሞተሩን አጥፍቼ ግራሶ ሞላሁበትና ብሎኖቹን አጠበቅሁ። አሥራ ሰባት ቁጥሯን መፍቻ ከላይ አስቀምጬ ረሳኋት። ሞተሩን ሳስነሣ ቺንጋው መፍቻዋን ላፍ አድርጎ ወረወራት፤ በጆሮዬ አጠገብ ፉጨት ሰማሁ። መፍቻዋ ቆርቆሮውን በስታ ወጣች። እዚያ ግድግዳ ሥር ሁልጊዜ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ትቀመጥ ነበር፤ የዚያን ዕለት ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። ተቀመጥኩና እጄ እስኪረጋ ድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሞተር ሳላስነሣ በፊት መፍቻዎቼን እቆጥር ነበር። አሥራ አንድ ነበሩ። ገበሬው «ምን ይጸልያል ይኸ ሰውዬ» ይለኝ ነበር።

የኔ ወፍጮ ነውና ቆርቆሮ ብቻ በሳሁ። አንቺ የምትቆጥሪያት መፍቻ ሞተር ውስጥ ብትቀር ምን እንደምታደርግ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። እንግዲህ ሣጥኑን ለአንቺ ሲሰጡሽ ትንሹን ሥራ ሰጡኝ ብለሽ እንዳታስቢ፤ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ያንን ሣጥን ማንም እንዲነካብኝ አልፈቅድም ነበር። ግን ደግሞ ዝም ብለሽ አትቀበይ። የምታቀብዪው ለምን እንደሆነ ጠይቂ፤ የየብሎኑን ስም በደብተር ጻፊ፤ ማታ ድገሚው። ሰውዬው ቢሰለችብሽ እንኳ ነገ ደግመሽ ጠይቂው። ካለቀስሽም አልቅሺ፤ ለኔ ደውዪና አልቅሺ እንጂ ሥራ ላይ ዓይንሽ እንዳይደፈርስ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር እናትሽ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቅቤ ልካልሻለች። ስልቻው የአያትሽ ነው፤ ያኔ በአውሮፕላን ሄዶ ሳይፈታ የቀረው ያው ስልቻ፤ አፉ አንድ ቦታ ላይ ተተርትሮ ሰፍቼዋለሁ። የዚህኛውን ግን ፈትተሽ ብዪበት፤ ለጓደኞችሽም አካፍዪ።

ስትጽፊልኝ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ሣጥንሽ ውስጥ ስንት መፍቻ አለ? ከትንሿ ጀምረሽ ቁጥራቸውን በተራ አድርገሽ ጻፊልኝ፤ እኔም እዚህ ሆኜ ማታ ማታ አብሬሽ እቆጥራለሁ።

አባትሽ፣
ከደብረ ማርቆስ