ማሻሻያ ለተገጠመላቸው ማንዋል ስፖርት መኪኖች ባለቤቶች

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ ማሻሻያ ከተገጠመ በኋላ ስለሚሰሙ ድምፆችና ስለ አነዳድ ማብራሪያ ስለመስጠት

መኪናችሁን አምናችሁ ስለሰጣችሁን እያመሰገንን ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ፣ ማሻሻያ ካስገጠማችሁ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት የምታነሡልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ተመሳሳይ በመሆናቸውና መልሳቸውንም መኪናውን ባስረከብንበት ቀን ልንነግራችሁ ይገባን ስለነበር ነው። ከምትነግሩን ምልክቶች አንዳንዶቹ እውነተኛ ብልሽቶች ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ግን የተገጠመው ዕቃ ባሕርይ ስለሆኑ የቱንም ያህል ጋራዥ ብትመላለሱ አይለወጡም።

በብዛት የምንጠየቀው ስለ ፍሪሲዮን ነው። በብዙዎቹ መኪኖች ላይ ፋብሪካው የሚገጥመው ፍላይዊል (ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞረው ክብ ብረት) በመካከሉ ሞላዎች ያሉት ባለ ሁለት ክፍል ሲሆን፣ ሞተሩ በእያንዳንዱ ፍንዳታ የሚፈጥረውን ንዝረት ካምቢዮው ጋ ከመድረሱ በፊት ውጦ ያስቀረዋል። ከጠንካራው ፍሪሲዮን ጋር የምንገጥመው ቀላል ፍላይዊል ግን አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ፣ ሞተሩ ቶሎ ዙር እንዲያነሣ ቢረዳም ንዝረቱን አይውጥም። ስለዚህ መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ፎሌ ላይ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ እግራችሁን ከፍሪሲዮን ፔዳል ላይ ስታነሡ፣ ከካምቢዮው በኩል ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚንቀጫቀጭ የሚመስል ድምፅ ትሰማላችሁ። ፔዳሉን ስትረግጡ ድምፁ የሚጠፋ ከሆነ፣ ጭነት ሳይኖርባቸው የሚዞሩት የካምቢዮ ጥርሶች እርስ በርስ እየተነካኩ ነው ማለት ነው፤ ጉዳት የለውም፣ ልናጠፋላችሁም አንችልም። በተቃራኒው እግራችሁ ከፔዳሉ ላይ ሲነሣ ጸጥ ብሎ ስትረግጡት የሚጮህ ከሆነ፣ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡልን።

አዲስ ፍሪሲዮን ገጽታው እስኪስተካከል ድረስ አምራቾች ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር በለዘብታ እንዲነዳ ያዝዛሉ። ይህም በከተማ ውስጥ፣ እየቆሙና እየተነሡ የሚነዳ ኪሎ ሜትር ነው። በረጅም ጎዳና ላይ በአንድ ማርሽ ብቻ 600 ኪሎ ሜትር ነድቶ «ጨርሻለሁ» የሚል ደንበኛ ፍሪሲዮኑን ከጥቂት ጊዜ በላይ አልተጠቀመበትም።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጥፋት መናገር ይገባናል። አንድ ደንበኛችን በየቀኑ መንገድ በተጨናነቀበት ሰዓት እንደሚነዱ ነግረውን ሳለ፣ ለውድድር የተሠራ ባለ ሴራሚክ ፍሪሲዮን ገጠምንላቸው። ይህ ዓይነቱ ፍሪሲዮን ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል እንጂ በመካከል ለስለስ ብሎ አይነሣም፤ ፔዳሉም ከባድ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ግራ ጉልበታቸውን እያሻሹ መጡ። ዕቃው እንከን አልነበረበትም፤ የተሳሳተው የእኛ ምርጫ ስለነበር በራሳችን ወጪ ቀየርንላቸው። ከዚያ ወዲህ ስንት ፈረስ ጉልበት እንደምትፈልጉ ከመጠየቃችን በፊት የት እንደምትነዱ እንጠይቃለን።

የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም ብቻ አስቀይራችሁ የፋብሪካውን ፍሪሲዮን ለያዛችሁ ደግሞ ቀላል መፈተኛ አለ። ነጻ በሆነ መንገድ ላይ በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ማርሽ፣ በ2,500 ዙር አካባቢ እየሄዳችሁ ቤንዚኑን በደንብ ስትሰጡ የዙር መቁጠሪያው ዘልሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ይህን ፈተና ደጋግማችሁ ካደረጋችሁት ግን ያለቀውን የበለጠ ትጨርሱታላችሁ። ቱርቦ ያለው ሞተር ከፍ ባለ ማርሽ ላይ በ1,500 ዙር እየጎተተ ሳለ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው መርገጥም ጨርሶ የማንመክረው ልማድ ነው፤ ነዳጁ ያለ ጊዜው ተቀጣጥሎ ፒስተን ሊሰብር ስለሚችል መጀመሪያ ማርሽ ቀንሱ። ፕሮግራሙ ለ98 ኦክቴን ተሠርቶ ያገኛችሁት ነዳጅ ኦክቴኑ ዝቅተኛ ከሆነም እስኪያልቅ ድረስ ረጋ ብላችሁ ንዱ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን አጭር የማርሽ ዘንግ ያስገጠማችሁ ናችሁ። ዘንጉ ማጠሩ የእጃችሁን ጉዞ ይቀንሳል እንጂ በካምቢዮው ውስጥ ፍጥነቶችን የሚያስተካክሉት ቀለበቶች የሚያስፈልጋቸውን ጊዜ አይቀንስም፤ አቻኩላችሁ ስትገፉት የሚያልቁት እነርሱ ናቸው። የከፋው ግን ማርሽ መሳሳት ነው። የሦስተኛው ማርሽ ሬሾ (የዙር ምጥጥን) 1.4፣ የሁለተኛው 2.1 የሆነ መኪና በሦስተኛ በ6,000 ዙር እየሄደ፣ ወደ አራተኛ ልትቀይሩ ስትሉ እጃችሁ ስቶ ሁለተኛ ውስጥ ቢገባ፣ ፍሪሲዮኑን በለቀቃችሁበት ቅጽበት ጎማዎቹ ሞተሩን ወደ 9,000 ዙር ይጎትቱታል። የዙር መገደቢያው የሚቆርጠው ነዳጅ ወይም እሳት ብቻ ስለሆነ ከጎማ የሚመጣውን ጉልበት ሊያስቆም አይችልም፤ ቫልቭና ፒስተን የሚጋጩትም በዚህ ጊዜ ነው። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ስትቀይሩ ዘንጉን አጥብቃችሁ ሳትጨብጡ፣ ወደ ጎንም ሳትገፉ፣ በመዳፋችሁ ቀጥታ ወደ ኋላ ሳቡት፤ መካከሉን የሚጠብቅለት ሞላ አለው።

ፍሬንን በተመለከተ፣ ለውድድር የተሠራ ሸራ እስኪሞቅ ድረስ በደንብ ስለማይይዝ ማለዳ የመጀመሪያውን መታጠፊያ ስትቃረቡ ይህን አስታውሱ፤ በዝግታ ስትቆሙ መጮሁም ባሕርዩ ነው። የፍሬን ዘይት ግን ባሕርይ ተብሎ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ዶት 4 ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ የመቆየት ግዴታ ሲኖርበት፣ ከአየር እርጥበት ሲስብ መለኪያው ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። የፈላ ዘይት አረፋ ስለሚፈጥር ፔዳሉ እስከ ታች ይሰምጣል። በብዙ ማንዋል መኪኖች ፍሪሲዮኑም ዘይቱን ከዚያው ማጠራቀሚያ ስለሚያገኝ ዘይቱ ሲበላሽ ሁለቱም ፔዳሎች ይለሰልሳሉ። በሲሊኮን የተሠራውን ዶት 5 ከሌሎቹ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ።

የመኪናውን መሸከሚያ ሞላ ያሳጠራችሁ የጎማችሁን የውስጥ ጠርዝ በየጊዜው ተመልከቱ፤ ከውጭ ደኅና የሚመስል ጎማ ከውስጥ ሽቦው ወጥቶ ያገኘንበት ጊዜ አለ። ማርሚታ የቀየራችሁ ደግሞ በተወሰነ ዙር ላይ የሚሰማችሁ ጉምጉምታ ከዕቃው የሚመጣ ነው፤ አንድ ማርሽ መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ከእንግዲህ ኃይል የሚጨምር ማሻሻያ የምንገጥመው ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን አስቀድመን ከፈተሽን በኋላ ብቻ ሲሆን፣ ሁለት ማሻሻያ በአንድ ቀን አንገጥምም፤ ችግር ቢመጣ ከየትኛው እንደመጣ ማወቅ እንፈልጋለንና። የፈታነውን የፋብሪካ ዕቃ በሙሉ ጠቅልለን እናስረክባችኋለን፤ አትጣሉት። የመድን ድርጅታችሁንም ስለ ለውጡ በጽሑፍ አሳውቁ። ጎማ ከተፈታ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ቡሎኖቹን ዳግም ለማጥበቅ፣ ፍሪሲዮን ያስገጠማችሁም 1,000 ኪሎ ሜትር ስትሞሉ ለፍተሻ ጎራ በሉ፤ ለሁለቱም ክፍያ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጋራዡ ሥራ አስኪያጅ