ላፕቶፑ ይቆየን፣ መጀመሪያ ቦርድ

ሰላም የኮምቦልቻ ልጆች፣ ባላችሁበት ሰላም ይብዛላችሁ።

ባለፈው በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የትምህርት ቤታችንን የድሮዊንግ ክፍል፣ የዕቃና የቤት ንድፍ መሣል የሚማሩበትን፣ እንደገና ልንከፍት ነው ስንላችሁ የመጣው መልስ አስደንግጦናል። ደስ የሚል ድንጋጤ ነው። ከጅዳ አንዲት እህታችን «ስንት ላፕቶፕ ልላክ?» አለች። ከዋሽንግተን አንድ ወንድማችን መሥሪያ ቤቱ ሊጥላቸው የደረሱ ኮምፒውተሮች እንዳሉ ጻፈልን። እግዜር ይስጥልን፣ አላህም ይስጥልን። እኛ ግን አሁን የምንለምናችሁ እንጨት ነው። የድሮዊንግ ቦርድ፣ ቲ-ስኩዌር (የቲ ቅርጽ ያለው ረዥም ማስመሪያ)፣ ሴት ስኩዌር (ባለ ሦስት ማዕዘኑ ማስመሪያ)፣ ኮምፓስ፣ እርሳስ። «በዚህ ዘመን?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። እኔ ድራፍትማን፣ ማለትም ንድፍ ሠሪ ነኝ። ከዚሁ ትምህርት ቤት ወጥቼ መጀመሪያ የተቀጠርኩት አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ ነበር። «ኦቶካድ እችላለሁ» ብዬ ነው የገባሁት፤ በኮምፒውተር ድሮዊንግ የሚሠራበት ፕሮግራም ነው። ውሸት አልነበረም፤ ሦስት ወር ኮርስ ወስጄ ትእዛዞቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ። በሁለተኛው ወር ለአንድ ከአሜሪካ የመጣ ማሽን የሚሆን የብረት መደገፊያ ድሮዊንግ ተሰጠኝ። «ይህንን ወደ ኮምፒውተር አስገባና ለቆራጮቹ አዘጋጅላቸው» ተባልኩ። አዘጋጀሁ። መስመሩ ጥርት ያለ፣ ልኩ በሚሊ ሜትር የተጻፈ፣ የሚያምር ሥራ ነበር።

14 መደገፊያ ተቆረጠ፣ ተበሳ፣ ተበየደ። ልንገጥመው ስንሞክር ግን ሁሉም ተገላቢጦሽ ነው። ማሽኑ ቀዳዳውን በቀኝ ይፈልጋል፣ የእኛ በግራ ነው። የቀኝ እግር ጫማ አዝዘው 14 የግራ እግር እንደ መጣላቸው ቁጠሩት። ላሜራው ሁሉ በኪሎ ተሸጠ።

ምን ሆኖ ነው? አንድን ዕቃ በወረቀት ላይ ስናወርድ ከፊት፣ ከላይና ከጎን የሚታየውን ለየብቻ እንሥላለን። የጎኑን ሥዕል የት እናስቀምጠው የሚለው ላይ ዓለም ሁለት ልማድ አለው። አውሮፓውያን በሚሠሩበት ፈርስት አንግል በሚባለው፣ ከግራ የታየው በቀኝ በኩል ይሣላል። አሜሪካኖች በሚሠሩበት ተርድ አንግል ደግሞ ከቀኝ የታየው እዚያው በቀኝ ይቀመጣል። እኔ የማውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ስለዚህ ከቀኝ የታየውን ከግራ የታየ አድርጌ አነበብኩትና ዕቃው ተገለበጠ። የትኛው ልማድ እንደሆነ የምትናገር ትንሽ ምልክት ወረቀቱ ጥግ ላይ ትገኛለች፤ ጫፉ የተቆረጠ ሾጣጣና ሁለት ክብ። አይቻታለሁ። የድርጅቱ ማኅተም መስላኝ ነበር።

አለቃዬ አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ድሮዊንግ የት ነው የተማርከው?» ብቻ አለኝ። «ኮምፒውተር ላይ» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

የእኔን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የተፈጥሮ ሳይንስ ለምንማር 11ኛና 12ኛ ክፍል ላይ ቴክኒካል ድሮዊንግ የሚባል ትምህርት ነበረን። መጽሐፉም ነበር፣ መምህሩም ነበሩ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ የእንጨት ኮምፓስ ሲያሽከረክሩ እናያለን፤ እኛ ደግሞ ደብተራችን ላይ በእጃችን እንገለብጣለን። ቦርድ የለም፣ ቲ-ስኩዌር የለም። ማትሪክ ላይ ስለማይመጣ ማንም አልተጨነቀም። እኛ ራሳችን ያንን ክፍለ ጊዜ የፊዚክስ ጥያቄ እንሠራበት ነበር። ስለዚህ ተወቃሽ ፍለጋ አይደለም የመጣሁት፤ ጥፋቱ ቢከፋፈል ለእኔም ይደርሰኛል።

ከዚያ ግን ኢንጂነሪንግ የገባው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ላይ ኢንጂነሪንግ ድሮዊንግ አፍጥጦ ይጠብቀዋል። ያልገባውም ከድሮዊንግ አያመልጥም። ከተማችንን ታውቋታላችሁ። የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣ የብረታ ብረቱ፣ የቢራው፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በየሰፈሩ ያለው የብየዳና የቶርኖ ቤት። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱም እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ቤት ልሥራ የሚል ሰው ሁሉ ለግንባታ ፈቃድ ፕላን ይዞ ይሄዳል። በዚህ ከተማ ድሮዊንግ ማንበብ የሚችል ልጅ ሥራ ፈልጎ የሐረጎን ዳገት መሻገር አያስፈልገውም።

አሁን ወደ እንጨቱ ልመለስ።

ባለፈው ክረምት ከትምህርት ቤቱ ሁለት መምህራን ጋር ሆነን ለዐሥራ ሁለት ተማሪዎች ሙከራ አድርገን ነበር። የሁላችንም ቦርድ አራት ብቻ ስለነበር በተራ ነው የሠሩት። የመጀመሪያው ቀን ድንች አስመጣናቸው። አዎ፣ ድንች። በቢላዋ እንደ ጡብ አራት ማዕዘን ይጠርቡታል፣ ከዚያ አንዱን ጥግ እንደ ደረጃ ቆርጠው ያነሡታል። ከዚያ «ከፊት ሆናችሁ የምታዩትን ብቻ ሣሉ» ይባላሉ። ቀላል ይመስላል። አይደለም። ልጆቹ የሚያውቁትን ነው የሚሥሉት እንጂ የሚያዩትን አይደለም። አንዷ ልጅ ከፊት ስትሥል የላዩንም ጨመረችው፤ «እዚያ እንዳለ አውቃለሁኮ» አለች። አንድ ዓይንሽን ጨፍኚና ድንቹን በዓይንሽ ልክ ያዢው አልናት። ዝም ብላ ቆየችና «አሃ» አለች። ያቺ «አሃ» ናት የምትፈለገው፤ በኮምፒውተር ሳይሆን በድንች ነው የመጣችው።

ከዚያ ወደ ቦርዱ ሄዱ። ኤ3 ወረቀት፣ 297 በ420 ሚሊ ሜትር፣ በፕላስተር ይለጠፋል። ጠንካራ በሆነው በ2ኤች እርሳስ ቀጭን መስመር ይነደፋል፣ ለስለስ ባለው በኤችቢ የሚታየው ጠርዝ ይደምቃል። ከኋላ የተደበቀው ጠርዝ በቁርጥራጭ መስመር፤ የክቡ መሐል ደግሞ በረዥምና አጭር ቀጭን መስመር። በመጨረሻ ባለ 30 ዲግሪውን ሴት ስኩዌር ይዘው ድንቹን በአይሶሜትሪክ ሦስት ጎኑ አንድ ላይ እንዲታይ አድርገው ሣሉት። በዚህ መሐል ድንቹ ጠቁሯል፣ ግን ማንም አላየውም።

ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጥናቸው በስድስተኛው ሳምንት ነው። ሁለት አሮጌ ዴስክቶፕ፣ ውስጣቸው ሊብሬካድ የሚባል የድሮዊንግ ፕሮግራም። በሁለት ቀን ለመዱት። ቁርጥራጩ መስመር ለምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ የቀራቸው የት ተጭኖ እንደሚመጣ ማወቅ ብቻ ነው። እኔ ሦስት ወር የፈጀሁበትን ማለት ነው። ለዚህ ነው «መጀመሪያ ቦርድ» የምንለው። ደግሞም መብራት ሲጠፋ ቦርዱ ላይ ያለው ሥራ አብሮ አይጠፋም። ይሄ በእኛ ከተማ ትንሽ ነገር አይደለም።

የምንፈልገው እንዲህ ነው። አንድ ክፍል ተማሪ በሁለት ፈረቃ ከገባ 30 ቦርድ ይበቃናል። ከሙከራው የተረፉት አራቱ ቦርዶች ያረጁ ናቸው፤ ለመለማመጃ ይሆናሉ፣ ከቁጥር አናስገባቸውም። ቦርዱን የሚሠራልን እዚሁ ሰፈር ያለ አናጺ ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤታችን ስለሚማር የእጁን ዋጋ ትቶልናል፣ የምንከፍለው የዕቃውን ብቻ። 50 በ65 ሳንቲ ሜትር፣ ከቺፑድ። እሱ ራሱ ነው «የግራውን ጠርዝ ጠንካራ እንጨት እናልብሰው» ያለን። ቲ-ስኩዌሩ ቀኑን ሙሉ የሚንሸራተተው በዚያ ጠርዝ ላይ ነው፣ ቺፑድ ደግሞ ይፈረፈራል። ከእያንዳንዱ ቦርድ ጋር አንድ ቲ-ስኩዌር፣ ባለ 45 እና ባለ 30/60 ሴት ስኩዌር፣ አንድ ኮምፓስ ይሄዳል። እነዚህን ከመርካቶ ነው የምናመጣው። ሴት ስኩዌሩን ስንረከብ እንፈትነዋለን፦ ቲ-ስኩዌር ላይ አስደግፈን ቀጥ ያለ መስመር እናሰምራለን፣ ገልብጠን እዚያው ላይ እንደገና እናሰምራለን። ሁለቱ መስመር ካልገጠመ ዕቃው ውሸታም ነው፣ ይመለሳል።

ዋጋውን በብር ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው። ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ሰብስበን ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስቱም ተቀየሩ። ስለዚህ «አንድ ቦርድ ከነሙሉ ዕቃው» ብላችሁ ተመዝገቡ፣ የዕለቱን ዋጋ እንልክላችኋለን። ሙሉውን የማይችል ለግማሽ ይመዝገብ፤ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ቦርድ ቢይዙ ደስ ይለናል። እርሳስና ወረቀት የሚያመጣም አለ፣ እሱም ይቆጠራል፤ ወረቀት ሁልጊዜ ያልቃል።

ላፕቶፕና ኮምፒውተር ለምትልኩም እምቢ አላልንም፤ ሁለተኛው ዙር ላይ እንፈልጋችኋለን። ዐሥር ቢሆኑ ከበቂ በላይ ነው። 4 ጊጋ ራም ካለው ሊብሬካድ ይሠራል። ሦስት ገጽታ ያለውን ለሚሠራው ለፍሪካድ 8 ቢሆን ይሻላል። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ኢንተርኔትም አይጠይቁም። ኦቶካድም ለተማሪ በነፃ ይሰጣል፣ ግን በየዓመቱ ምዝገባ ማደስና ጠንከር ያለ ማሽን ይፈልጋል። ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ያለ ፈቃድ ተሰብሮ የተከፈተውን፣ ጫኑላቸው ላላችሁን አንጭንም። እኔ ራሴ በክራክ ነው የተማርኩት፣ መልአክ ነኝ አልልም፤ ግን ትምህርት ቤት ውስጥ በሌብነት አንጀምርም።

ከአሜሪካ ዴስክቶፕ የምትልኩ፣ አደራ፦ የአንዳንዶቹ፣ በተለይ የአሮጌዎቹ፣ ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አለ። 230 ላይ አድርጋችሁ ላኩት። እኛም ሳንሰካ እናያለን፣ ግን ሁለት ሰው ቢያየው ይሻላል። አንዱ በቸልታ ተሰክቶ ሲጨስ አይተናል። ማዞሪያ የሌለውን ደግሞ ከመላካችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት ፎቶ አንሡልን። ዩፒኤስና ስታቢላይዘር ከዚሁ እንገዛለን፣ ጭነት ላይ አታውጡ።

ስለ ገንዘቡ። ሒሳቡ የተከፈተው በወላጆችና መምህራን ኅብረቱ በኩል ነው፤ ያለ ሦስት ፊርማ አንድ ብር አይወጣም። ቁጥሩ ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፣ ግሩፓችን ላይም ፒን ተደርጓል። ሌላ የሒሳብ ቁጥር በውስጥ መስመር ከተላከላችሁ የእኛ አይደለም፤ በእኔ ስምም ቢሆን። የእያንዳንዱ ግዢ ደረሰኝ ፎቶ በዚያው ቀን ይለጠፋል። ቦርዱ ላይ የሰጪውን ስም እንጻፍ ወይ ብለን ተከራክረን ነበር። ጀርባው ላይ፣ በተማሪዎቹ እጅ፣ በድሮዊንግ ፊደል እንዲጻፍ ተስማማን። ስሜ አይጻፍ የሚል ይንገረን።

ማስተማሩን ሁለቱ መምህራንና ከእኛ ሦስታችን በየቅዳሜው በነፃ እንሠራዋለን። ድሮዊንግ የሚችል፣ በተለይ ቶርኖ ላይ የሠራ ሰው ካለ በወር አንድ ቅዳሜ ይስጠን። ልጆቹ ሥሎ የሚሠራ ሰው ብቻ ሳይሆን ሥዕሉን ይዞ ብረት የሚቆርጥ ሰው ጥያቄ ሲጠይቃቸው መስማት አለባቸው።

ክፍሉ ተገኝቷል። አሁን የተሰበሩ ወንበሮች ናቸው ያሉበት። አናጺው ከአዲሶቹ የመጀመሪያዎቹን አራት ቦርዶች በዚህ ሳምንት ይጨርሳል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ወንበሮቹን እናወጣለን፣ እናጸዳለን፣ ሁለቱን መስኮቶች ልክ እንወስዳለን። ከተማ ውስጥ ያላችሁ መጥረጊያ ይዛችሁ ኑ። ሜትር ያለውም ይዞ ይምጣ፣ የእኛ ጫፉ ተበልቷል።