እማዬ፣ ያኔ ጉንፋን አልነበረም

በርን፣ ስዊዘርላንድ
ኅዳር 12

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? እንኳን ለኅዳር ሚካኤል አደረሰሽ። ዘንድሮ ማኅበሩ እኛ ቤት መሆኑን ማሙሽ ነግሮኛል። ጠላው ደረሰልሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁልጊዜ «ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» እያልኩ ነው የምጽፍልሽ። ባለፈው ዓመት ግን እንዲህ ስልሽ ዋሽቼሻለሁ። ዛሬ የተቀመጥኩት እሱን ልነግርሽ ነው። ማሙሽ፣ አንተም አንድ ቃል ሳትዘል አንብብላት። ግን ማኅበርተኛው ከተበተነ በኋላ ይሁን።

አምና ከፋሲካ በኋላ ድምፄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተዘግቶ እንደነበር ታስታውሻለሽ። «ብርዱ ነው፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው» አልኩሽ። አንቺም ዝንጅብል በማር አፍልተሽ ጠጪ አልሽኝ። እማዬ፣ ጉንፋን አልነበረም። አንገቴን ኦፕራሲዮን ተደርጌ ነበር። እኔም እንደ አንቺ እንቅርት ነበረብኝ።

እንዳትደነግጪ፣ ድኛለሁ። ያልነገርኩሽ እንቅልፍ አጥተሽ እንደምታድሪ ስለማውቅ ነው። ጎረቤታችን ተቀድዳ ከመጣች በኋላ ድምጿ ሻክሮ መቅረቱን አንስተሽ «ተይ ልጄ» እንደምትይኝም አውቅ ነበር። «ተይ» ብትዪኝ ደግሞ እተወው ነበር።

አሁን የምናገረው በአንቺ ምክንያት ነው። ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ስናወራ ነጠላሽ ከአንገትሽ ሸርተት አለ። ቶሎ መልሰሽ ሸፈንሽው፤ እኔ ግን አይቻለሁ። በጣም አድጓል። ማሙሽን ለብቻው ስጠይቀው ሌሊት ትራስ ደራርበሽ፣ ቁጭ ብለሽ ማለት ይቻላል፣ እንደምትተኚ ነገረኝ። ጋደም ስትዪ ያፍንሻል። እንጀራም አንቆሽ ውኃ እየጠጣሽ ነው የምታወርጂው። እማዬ፣ ይህ «ኖሬበታለሁ» የሚባል ነገር አይደለም። እንቅርቱ የአየር ቧንቧሽን እየተጫነው ነው ማለት ነው።

የእኔ የተገኘው እንዲሁ በአጋጣሚ ነበር። በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ውኃ ስጠጣ አንዲት ነርስ አየችኝ። ስውጥ አንገቴ ላይ አንድ ነገር አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል አለችኝ። እኔ እንደ ውፍረት ነበር የቆጠርኩት። ከዚያ ደም ሰጠሁ፣ አልትራሳውንድ ታየሁ፣ በቀጭን መርፌ ናሙና ወሰዱ። ነቀርሳ አልነበረም። ግን በሁለቱም ወገን እብጠት ነበረ፤ የቀኙ ቧንቧዬን ወደ ግራ ገፍቶታል አሉኝ።

ለብቻዬ የደረሰብኝ እርግማን መስሎኝ አለቀስኩ። በማግሥቱ የምንከባከባቸው አንዲት የ93 ዓመት ባልቴት ዓይኔን አይተው ምን ሆነሽ አሉኝ። ነገርኳቸው። መሳቢያቸውን ከፍተው የአያታቸውን ፎቶ አወጡ። በአያትየዋ አንገት ላይ ሰፊ ጥቁር ጥብጣብ ታስሯል። «ከሥሩ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። እንቅርት! በዚህ በአልፕስ ተራራ አገር ድሮ እንቅርት እንደ እኛ ደጋ የበዛ ነበር። ሴቱም በጥብጣብና በብር ሐብል ይሸፍነው ነበር። ያንቺ ነጠላ ወዲያው ትዝ አለኝ።

ምክንያቱም ከእኛ ጋር አንድ ነው። አዮዲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ከተራራማ አገር አፈር ዝናቡና ጎርፉ፣ እዚህ ደግሞ የጥንቱ የበረዶ ግግርም፣ ጠርጎ ወስዶታል። አፈሩ ከሌለው እህሉም የለውም። አንገት ላይ ያለችው የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት ታይሮይድ የምትባል እጢ ደግሞ ያለ አዮዲን ሥራዋን መሥራት አትችልም። ያነሰውን ለማካካስ ስትታገል ታብጣለች። እንቅርት ማለት ይሄው ነው። የማንም ዓይን፣ የማንም እርግማን አይደለም።

የእንቅርት ኦፕራሲዮንን ለሰው ልጅ ያስተማረው ዋናው ሰው የኖረው እኔ ባለሁበት በበርን ከተማ ነው። ቴዎዶር ኮኸር ይባላል። በስሙ መንገድ አለ፤ ወደ ሥራ ስሄድ አልፈዋለሁ። በእሱ ወጣትነት እንቅርት መቅደድ የሞት ያህል ነበር፤ ሰው ደሙ ፈስሶ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን የደም ሥር እየያዘ መሥራት ጀመረ። በዕድሜው ከ5,000 በላይ እንቅርት አወጣ። ወደ መጨረሻው ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይሞትበትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

እኔን የነካኝ ግን ሽልማቱ አይደለም። እጢዋን ሙሉ በሙሉ ያወጣላቸውን ሰዎች መልሶ ጠርቶ አያቸው። ብዙዎቹ ፊታቸው አብጦ፣ ፈዝዘው፣ ብርድ ብርድ እያላቸው አገኛቸው። ይህን ጥፋት አልደበቀውም። እ.ኤ.አ. በ1883 በሐኪሞች ጉባኤ ፊት ተናገረው። እጢዋ ለሰውነት የግድ መሆኗ የታወቀው በዚህ መንገድ ጭምር ነው። ዛሬ እኔ ሙሉ በሙሉ ወጥቶልኝ የእጢዋን ሥራ በምትተካ አንዲት ክኒን ጤነኛ ሆኜ የምኖረው ያኔ እነዚያ ሰዎች በከፈሉት ዋጋ ነው።

አሁን ወደምትፈሪው ልምጣ፤ ወደ ድምፅሽ። አንቺ ካላቀነቀንሽ በሰፈራችን ሰርግ ሰርግ አይመስልም። «እልልታዬን ከማጣ ከነእንቅርቴ ልሙት» ማለትሽን ማሙሽ ነግሮኛል። አልፈርድብሽም። እኔም ሐኪሙን መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። ወረቀት አውጥቶ ሥዕል ሣለልኝ። ከእጢዋ ጀርባ፣ አንድ በቀኝ አንድ በግራ፣ እንደ ክር የቀጠኑ ነርቮች ያልፋሉ። የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሱት እነሱ ናቸው። ከፍ ብሎ ደግሞ ሌላ በጣም ቀጭን ነርቭ አለ፤ እልል ሲባል ድምፅን ወደ ላይ የሚያወጣው እሱ ነው። ጥሩ ቀዶ ሐኪም እነዚህን ፈልጎ፣ በዓይኑ አይቶ፣ ከዚያ ነው የሚቆርጠው። እዚህ ነርቩ ሲነካ ጢው የሚል ማሽንም አላቸው። ማሽኑ ባይኖርም ዋናው ነገር የሰውየው ዓይንና እጅ ነው። ልምድ ባለው እጅ ድምፁ ለዘለቄታው የሚጎዳው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው አለኝ። እንደ እኔ ለጥቂት ሳምንት ተዘግቶ የሚመለስለት ግን ይበዛል። ስለዚህ እማዬ፣ ሐኪሙን ሳታፍሪ «በዓመት ስንት እንቅርት ትሠራለህ?» በይው። ነውር አይደለም። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ጉሮሮሽን አይተው የድምፅ አውታርሽ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ እንዲመረምሩም ጠይቂ።

ስለ ንቅሳትሽም አስቤያለሁ። አያቴ በልጅነትሽ «እንቅርቱን ይይዘዋል» ብላ ያስነቀሰችሽን ሦስቱን መስመር። ፎቶሽን ለሐኪሜ አሳየሁት። ዝም ብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጣቱን በስልኩ ላይ አግድም አስኬደና «እኔ ብሆን በሁለቱ መስመሮች መካከል ነበር የምገባው» አለኝ። ቁስሉ በአንገት እጥፋት ላይ ስለሚሆን ሲድን ራሱ አንድ ተጨማሪ ቀጭን መስመር ይመስላል። የእኔን አሁን ፈልገሽ ነው የምታገኚው።

ሁሉም ነገር ቀላል ነበር ብዬ ደግሜ አልዋሽሽም። በሁለተኛው ቀን ከንፈሬና የጣቶቼ ጫፍ ይወረኝ ጀመር። ከእጢዋ ጀርባ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ አራት ትንንሽ እጢዎች አሉ፤ የሰውነትን ካልሲየም የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። ሲነካኩ ለጊዜው ይደክማሉ። ወዲያው ተናገርኩ፣ ካልሲየም ሰጡኝ፣ ተሻለኝ። አንቺም እንዲህ ከተሰማሽ እንዳትችዪው። አንቺ ሁሉን ችለሽ ዝም ትያለሽ፤ እዚህ ላይ ግን ዝም እንዳትዪ። በመጀመሪያው ሌሊት አንገትሽ በድንገት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ደግሞ አንድ ደቂቃ ሳትቆዩ ነርስ ጥሩ። ማሙሽ፣ ይህችን ሁለት ጊዜ አንብብ።

በየትኛው በኩል ስንት እንደሚያወጡልሽ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ሁሉም ከወጣ ክኒኑ ዕድሜ ልክ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ይዋጣል። ቡናሽ ከዚያ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት፤ ቡና ክኒኑን ያዳክመዋል። ለአንቺ ከኦፕራሲዮኑ የሚከብደው ይሄኛው እንደሚሆን አውቃለሁ። ክኒኑ አገር ቤት ቢጠፋ በሰው እልክልሻለሁ፣ እሱን ለእኔ ተዪው። ጠበልሽንም አልከለክልሽም። ብቻ ክኒኑን አታቋርጪ።

መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ባሕር ዳር፣ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሂዱ። መጀመሪያ ደም ይወስዳሉ። ልብሽ ቶሎ ቶሎ የሚመታውና ላብ የሚያጠምቅሽ እጢዋ ከልክ በላይ እየሠራች ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ በመድኃኒት ሳይረጋ ቢቀዱሽ አደጋ ነው። ስለዚህ ቀጠሮውን በወራት ቢያራዝሙት አትናደጂ። ለአንቺው ብለው ነው። ስትሄጂ ከፊት የሚቆለፍ ቀሚስ ያዢ፤ በራስ የሚጠለቅ ልብስ ለሰፋ አንገት አይመችም። ብሩን ትናንት በማሙሽ ሒሳብ ልኬዋለሁ። ለሌላ ነገር እንዳትነኩት፣ አደራ።

ምራትሽ ነፍሰ ጡር መሆኗን በመስማቴ በጣም ደስ ብሎኛል። ለእሷም መልእክት አለኝ። እዚህ አገር እንቅርት የጠፋው በኦፕራሲዮን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ጨው ውስጥ አዮዲን እየጨመሩ ነው ያጠፉት። በእኛም አገር ጨው አዮዲን እንዲኖረው ደንብ ወጥቷል። አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን የታሸገ ጨው ይግዙ። እንደ ድሮው ምድጃ አጠገብ ክፍት አይቀመጥ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ይሁን። ወጥ ውስጥም መጨረሻ ላይ ይጨመር፤ እሳቱ አዮዲኑን ይቀንሰዋል። ያንቺን ትልቅ እንቅርት ጨው አያጠፋውም። በማህፀን ያለው ልጅ አእምሮ ግን በዚህች ጨው ላይ ነው የሚያድገው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ወደ ሆስፒታል ከመሄድሽ በፊት ማሙሽ ስልኩን ይክፈትና አንድ ረጅም እልልታ ይቅዳልኝ። ለሐኪሙም አሰሙት፤ ምን እንደሚጠብቅ ይወቅ።

ናፋቂ ልጅሽ