ደብተርሽን ፈልጌ ነው

ውዷ ባልንጀራዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹ፣ ሱቁ፣ ያ ነገረኛ የመጋዘን ጠባቂሽ፣ ሁሉም ደህና? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ፣ ይቅርታ። ስንገናኝ እንደ ልብሽ ትወርጂብኛለሽ። «ሥራ ሲኖርሽ ብቻ ነው የምታስታውሺኝ» እንደምትይም አውቃለሁ። ልክ ነሽ፣ ሥራ ኖሮኝ ነው።

ዘንድሮ ለማኔጅመንት ተማሪዎች ኤምአይኤስ (መረጃን ለሥራ አመራር ውሳኔ የማዋል ትምህርት) የማስተምረው እኔ ነኝ፤ እንቅልፍ የሚነሳኝም እሱ ነው። ልጆቹ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ መያዣ ሶፍትዌር ያውቃሉ (ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ስንት ዓመቱ፤ እኛ ጋ ግን እስከ ዛሬ ፒችትሪ ነው)። ኤክሴልም ይነካካሉ። «ይህን ሱቅ በቴክኖሎጂ እንዴት ታሻሽሉታላችሁ?» ስትያቸው ግን ሁሉም ቡድን ያው መልስ ነው፦ ሶፍትዌር ይገዛ፣ አፕ ይሠራለት። «ጎረቤቱ በሳምንቱ ያንኑ ሶፍትዌር ቢገዛስ?» ስትይ ክፍሉ ጭጭ። እኔ ማስተማር የምፈልገው ከዚያ ጭጭታ በኋላ ያለውን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ኮምፒውተር አይከፈትም። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ሱቅ ሄዶ ትእዛዝ ከደንበኛው አፍ እስከ መጋዘኑ በር በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚቆም፣ ማን ለማን ደውሎ እንደሚጠይቅ ወረቀት ላይ ይስላል። ከዚያ አንዲት ዐረፍተ ነገር ይሞላል፦ «ባለቤቱ ይህን መረጃ በዚህ ቀን ቢያገኝ ኖሮ ይህን ውሳኔውን ይለውጥ ነበር።» እሷን መሙላት ያልቻለ ቡድን ስለ ሶፍትዌር አፉን አይከፍትም።

ቀጥሎ በጨዋታ የሞባይል ገንዘብ ወኪል አደርጋቸዋለሁ። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ስለጀመሩልን ነገሩ ለልጆቹ እንግዳ አይደለም። ኤምፔሳ ኬንያ ውስጥ ሲሞከር የታሰበው ለአነስተኛ ብድር መክፈያ ነበር፤ ሰዉ ግን እርስ በርሱ ገንዘብ ይላላክበት ጀመር፣ የኬንያው የስልክ ኩባንያ ሳፋሪኮምም እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ገበያ ሲያወጣው ገንዘብ መላኪያ አድርጎ ነው። ተራ ስልክ ይበቃው ነበር። ክብደቱ ያለው በየመንደሩ በተቀመጠው ወኪል ላይ ነው። ይህን በቃል ብነግራቸው ደብተራቸው ላይ ይገለብጡታል እንጂ አይገባቸውም። ስለዚህ 20,000 ብር እሰጣቸዋለሁ፦ 12,000ው ስልክ ላይ፣ 8,000ው መሳቢያ ውስጥ። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። አምስት ሰው እየመጣ 1,500 1,500 ያወጣል። መሳቢያው ውስጥ 500 ቀረ፣ ስልኩ ላይ 19,500 ሆነ። ስድስተኛው ሰው ባዶ እጁን ተመለሰ። አንዲት ብር አልጠፋችም፣ ኔትወርክም አልተቋረጠም፤ ሰውየው ግን «አይሠራም» ብሎ ለጎረቤቱ ይነግራል። መድኃኒቱ የወኪሉን የገበያ ቀናት ከመዝገቡ አይቶ ከዋዜማው ጥሬ ብር ማስገባት ነው። አፑን ተፎካካሪው ሊያሠራ ይችላል፤ የዓመታት መዝገቡን ግን ከየት ያመጣዋል?

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የፈለግኩት የአንድ ዓመት የሽያጭ መዝገብሽን ነው። ተረጋጊ! የትኛውን ደብተር እንደምትልኪ አልጠይቅም፤ እኔ የማውቀው አንድ ብቻ እንዳለሽ ነው። የደንበኛ ስም አያስፈልገኝም፣ ቁጥር ስጫቸው። መግዣውንም መሸጫውንም አንቺ ብቻ በምታውቂው ቁጥር አባዢው፤ በ0.8 ይሁን በ1.3 አትንገሪኝ። ሁሉም በአንድ ቁጥር እስከተባዛ ድረስ የትኛው እቃ ስንት እጅ ትርፍ እንደያዘ አይለወጥም። ቀን፣ እቃ፣ ብዛት፣ መግዣ፣ መሸጫ፣ በጥሬ ወይስ በዱቤ፣ ዱቤው የተከፈለበት ቀን። የመጨረሻዋን አትዝለያት፤ ብዙ የሚገዛ ግን ሁለት ወር የሚያስጠብቅ ደንበኛ ሲታሰብ እንደሚያከስር የምታሳየው እሷ ናት።

ቀኑን እባክሽ በሦስት ዓምድ ከፋፍለሽ ጻፊው፦ ቀን ለብቻ፣ ወር ለብቻ፣ ዓመት ለብቻ። ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብትዪው ፌብሩዋሪ 30 ፈልጎ ስለማያገኝ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፤ በወር ስትደምሪ የዚያ ቀን ሽያጭ የለም። ጳጉሜ 3 ደግሞ ይብሳል። 3/13/2016 ስትዪው፣ ኮምፒውተሩ ወርን በሚያስቀድመው በአሜሪካኖቹ አጻጻፍ ከተዘጋጀ፣ ማርች 13 አድርጎት ዝም ይላል። ምንም ማስጠንቀቂያ የለም። ተማሪውም «በማርች ሽያጭ ጨምሯል» ብሎ ምክንያቱን ፈጥሮ ያቀርብልሻል።

የእቃውን ስም ግን እንዳለ ላኪው። «ሚስማር 8»፣ «ምስማር ቁ.8»፣ «ሚስማር ባለ 8» ለኤክሴል ሦስት እቃ ናቸው። አታስተካክይው፣ ልጆቹ ይልፉበት፤ ለእያንዳንዱ እቃ ኮድ መስጠት ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባቸው ያኔ ነው።

ከጸዳ በኋላ ያለው ቀላል ነው። በፒቮት ቴብል (ኤክሴል ዝርዝሩን በየዓይነቱ ደምሮ በሚያሳይበት ሰንጠረዥ) እቃዎቹን በትርፍ ይደረድራሉ፣ ከዚያ «መቼ ልዘዝ» ይመጣል። ቀለም በቀን 12 ባልዲ ከተሸጠ፣ መኪናው ከአዲስ አበባ ለመድረስ 6 ቀን ከፈጀ፣ ለክፉ ቀን 30 ከተያዘ፣ 102 ባልዲ ሲቀር ይታዘዛል። የሚሳሳቱት 6ቱ ላይ ነው፤ አማካዩን ይዘው ይረጋጋሉ። መንገድ ተዘግቶ 15 ቀን ቢሆን 180 ባልዲ ያስፈልጋል፣ 78 ጎደለ ማለት ነው። ያን ሰሞን ቀለም ያለው ሱቅ የማንን ደንበኛ እንደሚወስድ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ወጪውንም ሲያሰሉ የሶፍትዌሩን ዋጋ ብቻ ይጽፋሉ፤ የመዝጋቢዋ ደመወዝ፣ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ባትሪ)፣ በዶላር የሚታደሰው የዓመት ክፍያ ትዝ አይላቸውም።

ሌላም ነበረ... እንዴት እንደምልሽ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ክፍል ብትመጪልኝስ? እንግሊዝኛ አያስፈልግም። «ኮምፒውተር አልገዛም፣ ምን ይጠቅመኛል?» ብለሽ ድርቅ በይባቸው፤ መቼም ድርቅናን ማንም አያስተምርሽም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከልጆቹ መሃል የተፎካካሪሽ ልጅ ሊኖር ይችላል። ቁጥሩን አባዢው ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ እዚያው ክፍል ውስጥም ስለ አቅራቢዎችሽ ስም አታንሺ። ካልተመቸሽ ቅሪ፣ አልቀየምም። ትንሽ እቀየማለሁ።

መዝገቡ በእጅ የተጻፈ ከሆነ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪው፤ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል፣ አለበለዚያ ቁጥሩ ይደበዝዛል። በቀኝ በኩል ያለችውን የዱቤ ዓምድ አውራ ጣትሽ እንዳይሸፍናት። ስለ ሐሙሱ ግን እስከ ሰኞ እሺ ወይም እምቢ በይኝ፤ ክፍሉ ስለሚጠብ አዳራሽ ማስያዝ አለብኝ።

ያንቺው ጠፊ