ልጄን ብል ወፍ አሳዩኝ

ቪየና፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የዓይንዎ ሞራ ተገፍፎ ፋሻው በተነሣ ዕለት የላክኋቸውን የወፍ ፎቶዎች አይተው «ልጄን አሳዩኝ ብል ወፍ አሳዩኝ» ማለትዎን እኅቴ ስትነግረኝ አብሬያት ሳቅሁ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቃሉ ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

የራሴን ፎቶግራፍ ያልላክሁት ታምሜ ወይም ከስቼ አይደለም። ሥራዬ የሌሊት ስለሆነ ጠዋት ስገባ ፊቴ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል፤ ያንን አይታችሁ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው። በዚያ ሰዓት የቤቱ ባለቤት የሆኑት ባልቴት በጓሮው ዛፍ ላይ ለወፎች የሱፍ ፍሬ ይሰቅላሉ፤ እኔም እንቅልፍ እስኪወስደኝ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ማየት ለመድሁ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ይመስሉኝ ነበር። ዛሬ በቢጫ ሆዱ ላይ እንደ ከረባት ጥቁር መስመር የወረደበትን፣ እዚህ በጀርመንኛ ኮልማይዘ የሚሉትን ወፍ፣ አናቱ ሰማያዊ ከሆነውና 11 ግራም ያህል ብቻ ከሚመዝነው ብላውማይዘ ሳልጠራጠር እለያለሁ። በረዶው ሲቀልጥ የሚመጡት ጺልፕጻልፕና ፊቲስ ግን መልካቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ እግሩ የጠቆረው አብዛኛውን ጊዜ ጺልፕጻልፕ ቢሆንም እኔ የማምነው ድምፁን ነው፤ የገዛ ስሙን እየደጋገመ ይጠራልና።

እነዚህ ወፎች ለአፍታ እንኳ ስለማይረጉ የካሜራው መዝጊያ በ1/1000 ሰከንድ ተከፍቶ እንዲዘጋ አድርጌ ዓይናቸው ላይ አነጣጥራለሁ፤ ዓይኑ ከደበዘዘ ላባው የቱንም ያህል ቢያምር ፎቶውን እሰርዘዋለሁ።

ወንድሜ «ገንዘብ የለኝም እያለ ካሜራ ገዛ» ማለቱን ሰምቻለሁ። ያገለገለ ካሜራ ነው። ለእርስዎ ግን አልሸሽግም፤ በሐምሌ የላክሁት ያነሰው በእርሱ ምክንያት ነበር። ለሕክምናዎ ያስቀመጥሁትን ግን አልነካሁም።

እኅቴ ከጥምቀት በኋላ ስትዳር፣ ጉልበትዎን ስማ ስትወጣ፣ ከጎኗ መቆም የሚገባኝ እኔ ነበርሁ፤ ወረቀቴ ገና አላለቀም። ለሠርጉ የላክሁት ይህን እንደማይተካ አውቃለሁ። ፎቶ አንሺውን ግን ዓይኗ ላይ እንዲያነጣጥር ንገሩልኝ፤ ብዙዎቹ ቀሚሱን ነው የሚያነሡት።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ካዩዋቸው ፎቶዎች መካከል ጥቁር ቆብ የደፋው ግራጫ ወፍ አለ፤ እዚህ ስሙን ከመነኩሴ ጋር አያይዘው ይጠሩታል፤ የሴቲቱ ቆብ ቡናማ ነው። ከምሥራቅ ኦስትሪያ የሚነሡት ብርዱ ሳይበረታ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አቅንተው ምሥራቅ አፍሪካ ይከርማሉ፤ እኛም ደጋ ይገባሉ። ፍሬ ስለሚወድ ከጓሮ ያለው ወይራ ሲያፈራ፣ ጠዋት ጠብታዎን ካደረጉ በኋላ፣ ቀስ ብለው ይመልከቱልኝ። ካዩት እኅቴ በስልኳ አንሥታ ትላክልኝ፤ ቢደበዝዝም አልሰርዘውም።

ልጅዎ