ያንን ካርቶን ሳትገዛ

ጌቾዬ፣ እንዴት ነህ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደህና? ጠፋሁብህ፣ አውቃለሁ፤ ምክንያት አልደረድርልህም፤ የዚህ አገር ኑሮ ነው። የላክኸውን ፎቶ ሳይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ለሄሪኬን ጊዜ ብለህ «እውነተኛ የሠራዊት ምግብ» ልትገዛ ነው? ቆይ፣ ዶላሩን አትላክ። እኔ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ሳለሁ ያንን ካርቶን ስሸከም ነው የኖርኩት።

የሠራዊቱ ኤም አር ኢ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የታሸገው የወታደር ምግብ፣ ከረጢቱ ላይ የሜኑ ቁጥርና የምግቡ ስም ይታተማል። ቁጥሩ ከ1 እስከ 24 ነው፤ ካርቶኑ 12 ከረጢት ይይዛል፤ «ኤ» የተባለው ከ1 እስከ 12 ያለው ነው፣ «ቢ» ደግሞ የቀረው። የአሜሪካ መንግሥት ንብረት ነው፣ ለንግድ መሸጥም ሕገወጥ ነው የሚል ጽሑፍም አለበት። አንተ ፎቶ ላይ አንዱም የለም! ጽሑፉ ቢኖርም ሻጩን ከየት እንዳመጣው ጠይቀው፤ በ2005 ከካትሪና ሄሪኬን በኋላ እንዲህ ያለ ምግብ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ሲቸበቸብ የመንግሥት ኦዲተሮች ጉዳዩን እስከ መመርመር ደርሰዋል።

የሲቪሉ ግን መጥፎ አይደለም። ለጦሩ የሚያመርቱት ሶፓኮና አሜሪኳል ራሳቸው ለሲቪልም ይሠራሉ፤ «ሹር ፓክ» እና «ኤ ፓክ» የእነሱ ናቸው። ምግቡ ተቀራራቢ ነው፤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ትንንሹ ነገር ነው፣ አንዳንዱ ማሞቂያውም የለውም። ጋሼ የሚያወሩልን ኮቾሮ ትዝ ይልሃል? የአሜሪካ ጦር ምግብ ግን ከነማስቲካው፣ ከነክብሪቱ፣ ከነሶፍቱ ነው፣ ቢያዩት ይስቁብናል።

የምፈራልህ ሦስተኛውን ነው። ከዚህም ከዚያም የተለቀመ እሽግ ቡናማ ፕላስቲክ ውስጥ ከትቶ፣ «ሚሊተሪ» ብሎ ለጥፎ፣ እሱ ያሸገበትን ቀን እንደ ምርት ቀን የሚጽፈውን ሰውዬ። ስለዚህ ከረጢቱን ተወውና ውስጥ ያሉትን እሽጎች ተመልከት። አራት አኃዝ ታገኛለህ፤ ለምሳሌ 3156። የመጀመሪያው የዓመቱ መጨረሻ አኃዝ ነው፣ ሦስቱ ደግሞ ከዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ይነግሩሃል፤ ሰኔ፣ ማለቴ ጁን 5፣ 2023። ወይም 2013! ሻጩ የትኛውን እንደሚልህ መገመት አያቅትህም። የሠራዊቱ ካርቶን ላይ ግን የታሸገበት ወርና ዓመት አለ፣ ከሥሩም ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመረመርበት ጊዜ። እዚያው ካርቶኑ ላይ ክብ ምልክት ትፈልጋለህ፤ መሐሉ ከዙሪያው ቀለበት ጠቁሮ ካየኸው ሙቀት በልቶታል፣ በነፃም ቢሰጥህ አትውሰድ። ሦስት ዓመት የሚባለው በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲቀመጥ ነውና የሂውስተን ጋራዥህን እርሳው፤ ቤት ውስጥ፣ አልጋ ሥርም ቢሆን።

ለእኔ ለቤት የሚሻለው ቀኑ በግልጽ የተጻፈበት፣ አምራቹ የታወቀ የሲቪል ካርቶን ነው፤ የት ፀሐይ ሲመታው እንደከረመ ከማይታወቅ እውነተኛ የጦር ካርቶን ይልቅ።

ደግሞ ባለቤትህ ጾመኛ ናት፤ «ቬጀቴሪያን» የሚለው እንዳያታልላችሁ፣ አንዳንዱ አይብ አለበት። የአሳማ ሥጋ ያለባቸው ሜኑዎችም ስላሉ ዝርዝሩን አንብቡ።

ሻጩን የካርቶኑን ጎንና የአንዱን እሽግ ቁጥር በቅርብ አንስቶ እንዲልክልህ ጠይቀው፤ ካንገራገረ ተወው። ፎቶው ሲመጣ ወዲያው ላክልኝ፣ አየዋለሁ። ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ፣ ስልክህን አትዝጋ።