ለመኪና ገዢዎች ስለሚታደለው የማነጻጸሪያ ወረቀት የቀረበ የቅሬታ ደብዳቤ

ቀን፦ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመኪና ሽያጭ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ የእንግሊዙን ጃጓር ኤክስኤፍ ከጃፓን መኪኖች ጋር የሚያነጻጽረው ወረቀት እንዲታረም ስለመጠየቅ

እኛ በድሬዳዋ በከዚራና በሳቢያን ሰፈሮች የምንሠራ የመኪና መካኒኮችና ኤሌክትሪሺያኖች ነን። ድርጅታችሁ መኪና ሊያይ ለሚመጣ ሰው ሁሉ የሚሰጠውን ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ገዢዎች ይዘውት እየመጡ «እውነት ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። ወረቀቱ ከ2009 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. የተመረተውን ጃጓር ኤክስኤፍ ከጃፓኑ ሌክሰስ ኢኤስ 350 ጎን አስቀምጦ የፈረስ ጉልበቱን፣ የወንበሩን ቆዳና ዋጋውን ይዘረዝራል። ከግርጌው ደግሞ «የጥገና ወጪያቸው ተመሳሳይ ነው። የካምቢዮ ዘይት ዕድሜ ልክ አይቀየርም። በማንኛውም ጋራዥ ይሠራሉ» ይላል። ቅሬታችን በነዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ነው፤ ሦስቱም ልክ አይደሉም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ የሚሸጠው እዚሁ ያለው ነው፤ ዋጋውም የዋዛ አይደለም። የገዛው ሰው ተሳስቶ ቢገኝ ለመመለስም ለመለወጥም ይቸገራል። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ ይህ ወረቀት ደግሞ መረጃ ሆኖ ነው የሚታደለው።

መኪናውን ለማጣጣል አልጻፍንም። ኤክስኤፍ በመንገድ አያያዙ፣ በመሪው ትክክለኛነትና በወንበሩ ምቾት ኢኤስ 350ን ይበልጣል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት ጥምዝማዞች በሁለቱም የነዳ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ኤክስኤፍ በኋላ እግሩ ገፍቶ ሲወጣ ኢኤስ 350 በፊት እግሩ እየጎተተ ይወጣል። ይህን ብትጽፉ ትክክል ናችሁ። ሳትጽፉ የተዋችሁት ግን ከዚህ ይበዛል።

ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) እንጀምር። ኤክስኤፍ እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ባለ 6፣ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ባለ 8 ማርሽ የጀርመኑ ዜድኤፍ ካምቢዮ ነው ያለው። «ዕድሜ ልክ» የሚለው የመኪና አምራቹ አባባል ነው፤ ካምቢዮውን የሠራው ዜድኤፍ ራሱ ግን ዘይቱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ8 ዓመት ውስጥ እንዲቀየር ይመክራል። እናንተ የምትሸጧቸው መኪኖች ይህን ገደብ ካለፉ ቆይተዋል። በባለ 6 ማርሹ ላይ ፊልትሮው (የዘይት ማጣሪያው) ከፕላስቲኩ ኮፓ (ከሥር ካለው የዘይት መያዣ) ጋር አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ ፊልትሮ ለመቀየር ኮፓውን እንዳለ መግዛት ግድ ነው። ዘይቱም ለባለ 6 ማርሹ ላይፍጋርድ 6፣ ለባለ 8 ማርሹ ላይፍጋርድ 8 ነው። ለቶዮታና ለሌክሰስ የሚገባው ደብልዩ ኤስ ዘይት በቀላሉ ስለሚገኝ ብቻ እዚህ ውስጥ አይጨመርም።

ድሬዳዋ ላይ የሚበላሸው ዋናው ሥራ የዘይቱን ልክ ማየቱ ነው። የዚህ ካምቢዮ ዘይት የሚለካው መኪናው ደልዳላ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ እያለ፣ በጎን ባለው መሙያ ቀዳዳ በኩል ፈሰስ ሲል ነው። በግንቦት ቀትር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሳቢያን ተነድቶ የመጣ መኪና ዘይቱ ይህን ልክ ካለፈ ቆይቷል። የጋለ ዘይት ያብጣል፤ የሞላ መስሎ በቀዳዳው ይፈስሳል፤ መካኒኩ ቡሎኑን ያስራል፤ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ጎድሎ ይገኛል። ከዚያ ደንገጎን ሲወጡ ከ2ኛ ወደ 3ኛ ሲቀይር ይመታል ወይም ይንሸራተታል፣ ካምቢዮው «ሄዷል» ይባላል። መፍትሔው መኪናውን ማታ አስገብቶ ማሳደር፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሥራውን መጀመርና የዘይቱን ሙቀት በዲያግኖሲስ ኮምፒውተር እያነበቡ መሙላት ነው። ባለ 6 ማርሹ ላይ የሽቦው ሶኬት የሚገባበት ፕላስቲክ ማቀፊያ ጎማው ሲደርቅ ከኮፓው ጥግ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ብዙ ጊዜ የኮፓ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው ተብሎ ይቀየርና ማንጠባጠቡ ይቀጥላል። ገዢው ካምቢዮው ሥር በባትሪ ብርሃን አይቶ እርጥበት ካገኘ ዋጋ የሚቀንስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ማቀዝቀዣው ነው። ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ተነስቶ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ተጉዞ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወጣ መንገድ የማቀዝቀዣን ድክመት ሳያጋልጥ አያልፍም። ባለ 5.0 ሊትሩ ቪ8 እና ከእሱ የተወሰደው ባለ 3.0 ሊትር ቪ6 ሱፐርቻርጀር (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሞተር የውኃ መተላለፊያ ቱቦዎቻቸው ፕላስቲክ ናቸው። በሙቀት እየደረቁ በመጋጠሚያቸው ላይ ይሰነጠቃሉ። ፊት ለፊት ያለው ይደረስበታል፤ ከኋላ ያለውን ለመቀየር ግን ሱፐርቻርጀር ባለው ሞተር ላይ ሱፐርቻርጀሩ መነሳት አለበት። ቱቦው ርካሽ ቢሆንም ሥራው የሙሉ ቀን ነው። ውኃው ባለቀበት መኪናውን «እስከ ጋራዥ ብቻ» ብሎ የነዳ ሰው የአልሙኒየሙ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመምበታል። ሌላም አለ፤ የድሬዳዋ ውኃ ጨዋማና ኖራ የበዛበት መሆኑን የሻይ ጀበናችን ይመሰክራል፤ የቧንቧ ውኃ ራዲያተር ውስጥ እየጨመሩ መሄድ ቀጫጭኑን መተላለፊያ ይደፍናል። ብርቱካናማውን ማቀዝቀዣ በዲስትልድ ውኃ በጥብጦ መጨመር እንጂ ከሌክሰሱ ሮዝ ፈሳሽ ጋር ማቀላቀል አይገባም።

ኤክስኤፍ ውስጥ ካሉት ሞተሮች ለዚህ አገር የምንመርጠው ሱፐርቻርጀር የሌለውን ባለ 3.0 ሊትር ቪ6 ቤንዚን ነው። ወረቀቱ «ምርጥ» ብሎ ያስቀደመው 5.0 ሊትሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የካቴናው (በሞተሩ ውስጥ ያለው ሰንሰለት) መወጠሪያና መምሪያ በመበላታቸው የታወቀ ነው። ምልክቱ ሞተሩ ካደረ በኋላ ሲነሳ ለሁለትና ሦስት ሰከንድ የሚሰማ የብረት ቀጭ ቀጭታ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል። ከሠራተኞቻችሁ ጋር ያለን ትልቁ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ገዢ ከመድረሱ በፊት መኪናውን አስነስተው ያሞቁታል። ገዢው መጥቶ ኮፈኑ ላይ እጁን ሲያኖር ይፋጀዋል፤ ሊሰማው የሚገባው ድምፅ አስቀድሞ አልፏል።

«በማንኛውም ጋራዥ» የሚለው ደግሞ ኤሌክትሪኩን አላየም። ርካሹ የእጅ ኮድ ማንበቢያ የሞተሩን ስህተት ያነባል፤ የካምቢዮ ማስተካከያና የተለወጡ ክፍሎችን ማስተዋወቅ ግን በራሱ በጃጓር ፕሮግራም ነው። በፕሮግራሙ መካከል መብራት ቢጠፋ ወይም ባትሪው ቢደክም ያ ክፍል ሞቶ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ቋሚ ኃይል የሚሰጥ ቻርጀር ሳይታሰር አይጀመርም። የባትሪ መድከም ብቻውን ዳሽቦርዱን በማስጠንቀቂያ መብራት ይሞላዋል፤ ባትሪ ሳይለኩ ሴንሰር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ሲነሳ የሚወጣው ክብ ማርሽ መምረጫም አንዳንዴ ተቀብሮ ይቀራል፤ ገዢው ሦስት አራት ጊዜ አስነስቶ አጥፍቶ ይሞክረው።

ጎማ ላይ አጭር ነገር እንበል። በ19 ኢንች ቸርኬ የሚመጣው 245/40 ጎማ የጎኑ ቁመት 98 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ17 ኢንች የሚመጣው 235/55 ግን 129 ሚሊ ሜትር ነው። ለጉድጓዱና ለኮብልስቶኑ ሁለተኛው ይሻላል፤ ወረቀቱ ግን ትልቁን ቸርኬ ጌጥ አድርጎ ያወድሰዋል።

የጃፓኑንም ጉድለት አንሸሽግም። ኢኤስ 350 ላይ ያለው 2ጂአር ሞተር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዘይት መተላለፊያ ጎማ ነበረው፤ ጎማው ሲፈነዳ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈስሳል። በብረት ቱቦ መቀየሩ ይረጋገጥ። የውኃ ፖምፓው በጊዜ ብዛት ያንጠባጥባል። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት የተሠሩት ዳሽቦርዳቸው በሙቀት እየቀለጠ ይጣበቃል፣ መስታወቱ ላይም ያንጸባርቃል፤ ለድሬ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ልዩነቱ ግን ይህ ሞተር በካምሪም በአቫሎንም በሃይላንደርም ስላለ ዕቃው መርካቶ ተፈልጎ በአውቶቡስ ይላካል፣ የሚያውቀውም እጅ ብዙ ነው። የኤክስኤፍ ምርት በ2024 እ.ኤ.አ. ቆሟል፤ እዚህ አገር የገባውም ጥቂት ነው። ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ መኪናው ይቆማል።

ስለዚህ ለእኛ ፍርዱ እንዲህ ነው። ሁለተኛ መኪና ያለው፣ ለካምቢዮ ዘይትና ለማቀዝቀዣ ቱቦ በመጀመሪያው ወር ገንዘብ የሚመድብና አዲስ አበባ ድረስ መላክ የማይከብደው ሰው ሱፐርቻርጀር የሌለውን ባለ 3.0 ሊትር ቪ6 ኤክስኤፍ ቢገዛ አንከለክለውም። ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስበት፣ ሐረር ሥራ የሚመላለስበት አንድ መኪና ብቻ የሚኖረው ሰው ግን ጃፓኑን ይግዛ።

የምንጠይቃችሁም ይህን ነው። ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ከወረቀቱ ይውጡ። በእያንዳንዱ መኪና የካምቢዮ ዘይት መቼና በስንት ኪሎ ሜትር እንደተቀየረ፣ ካልተቀየረም «አልተቀየረም» ተብሎ ይጻፍ። ገዢ ቀጠሮ በያዘበት ጠዋት መኪናው ሳይነሳ ይጠብቀው። ከፈለገም የራሱን መካኒክ ይዞ መጥቶ መኪናው በክሪክ ተነስቶ ሥሩን እንዲያይና በደንገጎ ዳገት ላይ እንዲሞክረው ይፈቀድለት። ከክፍያ በፊት የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር እሱ ባለበት ይመሳከርለት።

የታረመውን ወረቀት በ15 ቀን ውስጥ እንድታሳዩን እንጠይቃለን። በማረሙ ሥራ የሚያግዝ ባለሙያ ከፈለጋችሁ ያለ ክፍያ እንቀመጣለን።

ከሰላምታ ጋር
በከዚራና በሳቢያን የምንሠራ የመኪና መካኒኮችና ኤሌክትሪሺያኖች